በ26 ጫማ ጀልባ ከማያሚ ወደ ባሃማስ፣ ለእንቁጣጣሽ ይደረሳል?

የጣና_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያደግኩት ባሕር ዳር ነው፣ ውሃ አልፈራም። አሁን የምኖረው ማያሚ ነው። ዓምና ያገለገለች 26 ጫማ ጀልባ ገዛሁ። ሁለት ባለ150 ፈረስ ጉልበት ሞተር አላት፣ 150 ጋሎን ቤንዚን ትይዛለች። እስካሁን ቢስኬይን ቤይ ውስጥ ነው የምሽከረከረው፤ ቀኑ ጥሩ ሲሆን ወደ ውጭ ወጣ ብዬ ዓሣ አጠምዳለሁ። ዘንድሮ ግን ልቤ ባሃማስ ገብቷል።

ሐሳቤ ይሄ ነው። የእንቁጣጣሽ ሰሞን ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ተነስቼ ማታ ቢሚኒ ማደር፣ አርብ ናሶ፣ ቅዳሜ ኤክሱማ ገብቶ ነጭ አሸዋ ላይ ቡና አፍልቶ አዲሱን ዓመት ማክበር፣ እሑድ መመለስ፣ ሰኞ ሥራ መግባት። ሰው ስድስት ነን፦ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆች፣ የአጎቴ ልጅ፣ አንድ ጓደኛችንና እኔ። ከማያሚ ቢሚኒ 45 የባሕር ማይል ገደማ ነው፣ በ25 ኖት (በሰዓት 25 የባሕር ማይል ማለት ነው) ሁለት ሰዓት አይሞላም። በጣም ቀላል መሰለኝ፣ እንዲያውም ያስፈራኝ እሱ ነው።

ሁለት ነገር አልገባኝም። ገልፍ ስትሪም የሚሉት ነገር ለፈጣን ጀልባ ያን ያህል ያሳስባል ወይ? ደግሞ ከቢሚኒ ወዲያ ባንክ የሚሉት ሰፊ ውሃ አለ፣ ካርታው ላይ 2 ሜትር፣ 3 ሜትር እያለ ነው የሚቀጥለው። የኔ ጀልባ ሞተሯ ወርዶ 3 ጫማ ውሃ ትፈልጋለች። ስልኬ ላይ ያለው የባሕር ካርታ አፕ መንገዱን ራሱ ያወጣልኛል፣ እሱን ብቻ ተከትሎ መሄድ ይቻላል? የሄዳችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። አትሳደቡ ብቻ።

ሞተር_ሐኪም፦

አንሳደብም፣ ግን ከዕቅድህ ውስጥ ደህና የሆነው ቡናው ብቻ ነው።

ፎርት ላውደርዴል የጀልባ ሞተር ነው የምሠራው፣ ወዲያም ብዙ ጊዜ ተሻግሬያለሁ። መጀመሪያ ማታ ቢሚኒ መግባት የምትለውን ተወው። የመግቢያው አሸዋ ቦታውን ይቀያይራል፣ ምልክቶቹን በዓይንህ እያየህ ነው መግባት ያለብህ። ጎሕ ሲቀድ፣ በእኛ ሰዓት 12 አካባቢ ከወደቡ አፍ ውጣ። ረፋዱ ላይ ስትደርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፣ ከሥርህ ያለው ሁሉ ይታይሃል። ደግሞ አንድ ነገር ቢበላሽብህ ቀሪው ቀን ሙሉ በእጅህ ነው።

ገልፍ ስትሪም በፍሎሪዳና በባሃማስ መሀል ወደ ሰሜን የሚፈስ ወንዝ በለው። በአማካይ 2.5 ኖት ያህል ይሄዳል፣ መሀሉ ላይ ከዚያም ይፈጥናል። በ25 ኖት ከሄድክ ብዙ አይጎዳህም፣ የጀልባህን አፍንጫ ወደ ደቡብ 6 ዲግሪ ያህል ታዞራለህ፣ በቃ። በ6 ኖት የሚሄድ የሸራ ጀልባ ወደ 25 ዲግሪ ማዞር አለበት። ግን ልብ በል፣ ይሄ 25 ኖት የያዝክ እንደሆነ ነው። መሀል ላይ ማዕበል ተነስቶ ወደ 10 ኖት ካወረደህ ሁለት ሰዓቱ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ ዝም ብለህ ከሄድክ ደግሞ ቢሚኒን 11 ማይል በስተሰሜን ልትስታት ትችላለህ። ስለዚህ የኮምፓሱን ቁጥር ሙጭጭ ብለህ አትያዝ። ጂፒኤሱ ላይ ጀልባዋ በእውነት የምትሄድበትን አቅጣጫ እያየህ አስተካክል።

ዋናው ጣጣ ነፋሱ ነው። ጅረቱ ወደ ሰሜን እየሄደ ነፋሱ ከሰሜን ሲመጣ ድመትን ከጅራቷ ወደ ራሷ እንደመዳበስ ነው። ማዕበሉ ያጥርና ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አንዱን ሳትወርድ ሌላው ይመጣል። ከደቡብ ምሥራቅ ሲነፍስ ደህና የሆነው 15 ኖት ከሰሜን ሲመጣ ጥርስህን ያራግፍሃል። ስለዚህ ትንበያው ላይ ሰሜን የሚል ቃል ካየህ፣ ሰሜን ምሥራቅም ይሁን ሰሜን ምዕራብ፣ ቤትህ ቁጭ በል። ለዚህ ነው ቀን ቆርጦ መሄድ የማይሆነው። እኔ አንዴ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስጄ አምስቱን ቀን ጓሮዬ ሥጋ ስጠብስ አሳልፌዋለሁ።

ስለ ነዳጅ ደግሞ። 150 ጋሎን ማለት 150 ጋሎን አይደለም፣ የታንኩን ሥር ሞተሩ አያገኘውም። ስድስት ሰው፣ ውሃና በረዶ ጭነህ በጋሎን 1.4 ማይል ብትሄድ ጥሩ ነው እንበል፣ የራስህን ግን ጭነህ ለካው። ከቢሚኒ ናሶ 110 ማይል ገደማ ነው፣ ወደ 80 ጋሎን ሄደ ማለት ነው። ማያሚ የሞላኸውን ይዘህ ቢሚኒን ዝም ብለህ ካለፍክ ናሶ የምትደርሰው ጸሎት እያደረግክ ነው። ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለክፉ ቀን፤ ነዳጅ ባገኘህበት ሁሉ ደግሞ ሙላ።

እሑድን በተመለከተ፣ ከኤክሱማ ማያሚ 190 ማይል አካባቢ ነው። በአንድ ቀን፣ ከሁለት ልጆች ጋር? ባለቤትህ ይህን ታውቃለች?

ጋሽ_ምጽዋ፦

ልጄ፣ ለጀልባህ እንኳን ደስ ያለህ። እኔ ድሮ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበርኩ። አሁን ቨርጂኒያ ከልጆቼ ጋር ነኝ፣ ባሕር የማየው በስልክ ነው።

ሞተር ሐኪም የነገረህ ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ትልቅ ነገር ግን ዘሎታል። እንቁጣጣሽ ለእኛ ክረምቱ የሚወጣበት ነው። ለአትላንቲክ ግን ያን ጊዜ ገና ክረምቱ አናት ላይ ነው። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ ጫፉ ሴፕቴምበር 10 አካባቢ። እሱን ወደ እኛ ብትመልሰው ጳጉሜን 5 ይሆናል፣ አንተ ቡናህን ልታፈላ ባሰብክበት ዋዜማ። ዶሪያን የተባለው አውሎ ነፋስ የባሃማስን አባኮ ደሴቶች ያወደመው ሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ነበር፣ በእኛ ነሐሴ 26። በዚያ ሰሞን ጸጥ ያለ ቀን የለም አልልህም፣ አለ። ግን ደሴት ላይ ሆነህ ዜናው ቢመጣ ሁለት ልጅ ይዘህ የምትሸሽበት 190 ማይል ውሃ ነው።

ስለ ጅረቱም አንድ ልጨምር። በዚያ ወሽመጥ በሰከንድ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ያልፋል። ዓባይ ነሐሴ ላይ ሞልቶ ሲያገሣ እንኳ ጥቂት ሺህ ሜትር ኩብ ነው። ጣና ላይ ያደገ ልጅ የውሃን ጉልበት ያውቃል፣ ይሄኛው ግን ሌላ ነው።

አሁን ወደ ጥልቀቱ። የዳህላክ ደሴቶች አካባቢም ብዙ ጥልቀት የሌለው፣ ኮራል የበዛበት ውሃ ነው፣ እኛም ዓይናችንን የገራነው እዚያ ነው። ካርታ የሳለው ሰው ያየው የዚያን ቀኑን አሸዋ ነው፣ አሸዋ ደግሞ ይሄዳል። ስለዚህ ውሃውን በቀለሙ አንብበው። ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ጥልቅ ነው፣ እለፍ። አረንጓዴ ሲሆን ላንተ ጀልባ ብዙ ጊዜ ይበቃል። እየነጣ ከሄደ አሸዋው ቀርቧል፣ ፍጥነት ቀንስ። ቡናማ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካየህ ሣር ወይም ኮራል ነው፣ ሣሩ ይምርሃል፣ ኮራሉ አይምርህም፣ ሁለቱን መለየት እስክትለምድ ሁሉንም ኮራል ነው ብለህ ዙረው። የደመና ጥላም እንደ ኮራል ሆኖ ያታልላል፤ ቆም ብለህ እየው፣ ጥላ ይሄዳል፣ ድንጋይ አይሄድም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ፀሐይ አናትህ ላይ ወይም ከኋላህ ስትሆን ነው። ፊትህ ላይ ከሆነች ውሃው መስታወት ነው፣ ሰማዩን ብቻ ነው የምታየው። ከናሶ ወደ ኤክሱማ ስትሄድ የሎው ባንክ የሚሉት ቦታ አለ፣ የኮራል ራስ የተዘራበት። ጠዋት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስትሄድ ፀሐይዋ ፊት ለፊትህ ናት፤ ስለዚህ ከናሶ በእኛ አቆጣጠር ከ4 ሰዓት በፊት አትውጣ። አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ውሃውን ይይ። ፖላራይዝድ መነጽር ግዛ፣ ርካሹም ቢሆን ይበቃል፣ መነጽር ብቻ አትርሳ።

ሞተር_ሐኪም፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የወቅቱን ነገር እኔ ረስቼው ነው፣ ሁሌ ሜይ ላይ ስለምሄድ።

አፑን በተመለከተ፣ የጣና ልጅ፣ መንገድ ያውጣልህ፣ ግን እንደ ረቂቅ ቁጠረው። ከዚያ ቁጭ ብለህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጉልተህ እየው። ዲጂታል ካርታ ሲርቅ ትንንሹን ነገር ይደብቃል፣ ቀጥታ መስመሩ በአንድ ድንጋይ ላይ ሲያልፍ የምታየው ካጎላኸው ብቻ ነው። ወዲያ የሚመላለሰው ሰው የሚተማመነው በኤክስፕሎረር ቻርት ነው፣ ወረቀቱንም ያዝ፣ ባትሪ አያልቅበትም።

ባንኩ ራሱ ለአንተ ያን ያህል አያስፈራም። ከቢሚኒ በሰሜን በኩል ኖርዝ ሮክን ዞረህ ወደ ምሥራቅ ትይዛለህ፣ 60 ማይል ያህል እንደ መዋኛ ገንዳ የጠራ ውሃ ነው። የመልሕቅ ጥላ እንኳ ይታያል። ከዚያ ኖርዝዌስት ቻናል ላይ ስትወጣ ከ3 ሜትር ተነስቶ ከሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ቀለሙ በአንዴ ነው የሚቀየረው፣ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሞተር አጥፍቼ ቆሜ ነበር። ናሶ ሩቅ ከሆነብህ ቸብ ኬይ የምትባል ደሴት አለችልህ፣ ከዚያ ናሶ 35 ማይል ነው።

ኤክሱማ ስትደርስ ደግሞ በደሴቶቹ መሀል ያሉትን ጠባብ መተላለፊያዎች ጠንቀቅ በል። ውሃው ሲጎድል ከባንኩ ወደ ውቅያኖሱ ተንደርድሮ ይወጣል፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ እዚያ አፉ ላይ ማዕበሉ ይቆማል። ያው የድመቷ ነገር ነው። ውሃው እየሞላ እያለ ወይም ቀጥ ባለበት ሰዓት እለፍ።

እናት_በባሕር፦

ወንድሜ፣ እኔ ካፒቴን አይደለሁም፣ የካፒቴን ሚስት ነኝ፣ ወረቀቱንና ምግቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ወንዶቹ ስለ ነፋስ ሲያወሩ የረሱትን ልንገርህ።

የአጎትህ ልጅ ወረቀቱ ምንድን ነው? ባሃማስ ሌላ አገር ነው፣ ሰው ጀልባ ስለሆነ ይረሳዋል። አሳይለም ጠይቆ ገና ፕሮሰስ ላይ ያለ ሰው አድቫንስ ፓሮል የሚሉትን ወጥቶ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ ከወጣ ጥያቄውን እንደተወው ነው የሚቆጠረው። ለአንድ ቅዳሜና እሑድ የስንት ዓመት ጥበቃ ይበላሻል ማለት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ደግሞ ካርዱንም ፓስፖርቱንም ይያዝ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ የቪዛውን ነገር ማያሚ ያለውን የባሃማስ ቆንስላ ቀድማችሁ ጠይቁ። ጓደኛ የነገረህን አትመን፣ እኔንም ጭምር።

ስትደርስ ቢጫ ባንዲራ ትሰቅላለህ፣ ካፒቴኑ ብቻ ወርዶ ጉምሩክና ኢሚግሬሽን ይጨርሳል፣ ሌላው ሰው እግሩን መሬት አያስነካም፣ ልጆቹ ቢያለቅሱም። ሲያልቅ ቢጫው ይወርድና የባሃማስ ባንዲራ ይሰቀላል። ፎርሙን ቀድመህ ክሊክ ቱ ክሊር በሚባለው ገጽ ሙላው። ክፍያው ጁላይ 2025 ላይ በጣም ጨምሯል፣ ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ የድሮ ሰዎች የሚነግሩህን ቁጥር እርሳና የመንግሥቱን ገጽ እይ። ጠመንጃ ካለህ ቤት ተወው፣ ከያዝክ ግን አስመዝግብ። ስትመለስ በስልክህ ሲቢፒ ሮም የሚባለውን የአሜሪካ ድንበር ጥበቃ አፕ ጭነህ መድረስህን ታሳውቃለህ።

ኢንሹራንስህን ደግሞ አንብበው። የእኛ ድርጅት ባሃማስን አይሸፍንም ነበር፣ ያወቅነው ደግሞ ከተመለስን በኋላ ነው። ባለቤቴ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም።

ልጆቹ ላይፍ ጃኬት ጀልባዋ እስክትታሰር አይወልቅም። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከዋዜማው ማታ ነው የሚጀመረው፣ ማስታወክ ከተጀመረ በኋላ ዋጋ የለውም፣ ለልጆቹ ደግሞ ሐኪማቸውን ጠይቁ። ዝንጅብል ይረዳል። ስልክ ላይ ካርቱን ማየት ክልክል ነው፣ አድማሱን ይዩ። ጠዋት ደግሞ ፍርፍር አትብሉ፣ እመኑኝ።

ቢሚኒ_ደርሶመልስ፦

ኧረ ምን ታካብዳላችሁ! እኔ በ22 ጫማ ጀልባ፣ በአንድ ሞተር፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጠዋት ሄጄ ማታ ቤቴ ገብቻለሁ። ስልኬ ላይ ባለው ጂፒኤስ። ባሕሩ እንደ ሰሐን ነበር። ሰውየውን አታስፈራሩት፣ ዝም ብለህ ሂድ ወንድሜ።

ሞተር_ሐኪም፦

እንደ ሰሐን በሆነ ቀን በገንዳም ይሻገራል። ጥያቄው ሰሐኑ መሀል ላይ ሲገለበጥ ምን ይዘሃል ነው። አንድ ሞተር ይዞ የሚሄድ ሰው ሞኝ ነው አልልም፣ ብዙ ሰው ይሄዳል፣ ግን ከሌላ ጀልባ ጋር ተጣምሮ ነው የሚሄደው። መሀል ላይ ስልክህ መስመር የለውም። ቪኤችኤፍ የሚሉት የጀልባ ሬዲዮ የአደጋ ጥሪ በሚሰማበት ቻናል 16 ላይ ክፍት ይሁን፣ ግን በትንሽ ጀልባ አንቴና ከ15 ወይም ከ20 ማይል በላይ አትጠብቅ። ኢፐርብ የሚባለውን የድረሱልኝ መሣሪያ ግዛና ቁጥሩን በስምህ አስመዝግበው፣ ያልተመዘገበ ከሆነ የማን ጀልባ እንደጠፋ ሲያጣሩ ጊዜ ይሄዳል። የብስ ላይ ለሚቀር ሰው ደግሞ በየት ሄደህ ስንት ሰዓት እንደምትደርስ፣ ካልደረስክ በስንት ሰዓት ለኮስት ጋርድ እንደሚደውል ጽፈህ ስጠው።

እኔ ራሴ አዋቂ ነኝ ባይ ሆኜ የሆንኩትን ልንገራችሁ። ከቢሚኒ ደቡብ አንድ የሚያምር አሸዋ አየን፣ ምሳ እንብላ ብለን ጠጋ ብለን መልሕቅ ጣልን። ውሃው ሞልቶ ነበር፣ እኔ ሰዓቱን አላየሁም። እዚያ አገር በሙላትና በጉድለት መሀል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር አይሞላም፣ ስለዚህ ንቄው ነበር። በልተን፣ ዋኝተን፣ ስንመለስ ጀልባዋ ዘመም ብላለች። ሞተሩን አስነስቼ በጉልበት ልወጣ ስል አሸዋውን በማቀዝቀዣው ሳበው፣ ወዲያው የሙቀቱ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። የሰው ሞተር የምጠግን ሰውዬ! አጥፍቼ ቁጭ አልኩ። ውሃው ወርዶ ተመልሶ እስኪሞላ ስድስት ሰባት ሰዓት፣ አራት ሰው፣ አንድ ፌስታል ቆሎ። ዕድላችን አሸዋ መሆኑ ነው፣ ኮራል ቢሆን ጀልባዋ እዚያው ትቀር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ትርፍ ፕሮፔለር ከነመፍቻው፣ ኢምፔለር (የማቀዝቀዣ ውሃውን የሚስበው የፓምፕ ጎማ)ና የነዳጅ ማጣሪያ ሳልይዝ አልወጣም። ጥልቀት የሌለው ቦታ የምገባውም ውሃው እየሞላ እያለ ብቻ ነው፣ ብነካም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሱ ያነሳኛል። የጣና ልጅ፣ መልሕቅ ስትጥል ደግሞ ገመዱን አትሰስት፣ የጥልቀቱን ሰባት እጥፍ ልቀቅ።

የጣና_ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼ እርስዎን። ጳጉሜን 5 ሲሉኝ ቀዝቃዛ ውሃ ነው የፈሰሰብኝ። ለባለቤቴ ሁሉንም አነበብኩላት። የእሑዱን 190 ማይል ስትሰማ ያየችኝን አስተያየት አልነግራችሁም።

የአጎቴ ልጅ አሳይለም ጠይቆ እየጠበቀ ነው፣ ያን ነገር ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። እህቴ እግዜር ይስጥሽ፣ ትልቅ ውለታ ነው የዋልሽልን። እሱ እዚህ ይቀርና የምንደርስበትን ሰዓት የምናስይዘው ሰው ይሆናል፣ ትንሽ ቢያኮርፍም።

አሁን እንዲህ አሰብኩ። ኤክሱማ ለሌላ ጊዜ። ከፋሲካ በኋላ፣ ሜይ መጨረሻ ላይ የአንድ ሳምንት ፈቃድ እወስዳለሁ፣ ከዚያ ውስጥ ነፋሱ የፈቀደልንን ሦስት ቀን ቢሚኒ ብቻ ደርሰን እንመለሳለን። ሳምንቱን ሙሉ ካልፈቀደ ጓሮ ሥጋ መጥበስ ነው። ሞተር ሐኪም፣ አንተም ሜይ ላይ የምትሄድ ከሆነ ተጣምረን ብንሻገርስ? እስከዚያው ውጭ እየወጣሁ ስድስት ሰው የሚያህል ክብደት ጭኜ ነዳጇን እለካለሁ፣ የውሃውንም ቀለም እለምዳለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ቡናውን በከሰል ማፍላት ይቻላል?

ሞተር_ሐኪም፦

150 ጋሎን ቤንዚን ላይ ተቀምጠህ ከሰል? በአንተ ቤት ቀልድ ነው። ትንሿን የጋዝ ምድጃ ያዝና ወርደህ አሸዋው ላይ አፍላ፣ ያውም እሳት የሚፈቀድበት መሆኑን ጠይቀህ። ሜይ ላይ አለሁ፣ የውስጥ መስመር ጻፍልኝ። መጀመሪያ ግን ጀልባዋን አምጣትና ሞተሮቿን ልያቸው።

ጋሽ_ምጽዋ፦

ጎበዝ ልጄ። ጀበናውን በፎጣ ጠቅልለህ በረዶው ሳጥን ውስጥ ከላይ አስቀምጠው፣ ሌላ ቦታ ካስቀመጥከው ገና ከወደቡ አፍ ሳትወጣ ይሰበራል። ሲኒ ደግሞ ትርፍ ያዙ።